የአባ ድገመው ነጥቦች

ምክር ቤቱ በተከፈተ በሰባተኛው ዓመት፣ ባቡር ወደ ከተማይቱ ከገባ ገና አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነው፣ በጥቅምት ወር የመጀመሪያው ማክሰኞ ማለዳ፣ በአቤቱታ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ከመቶ የሚበልጥ ሕዝብ ተሰልፎ ነበር፤ ሰልፉ ከእንጨቱ በር ተነሥቶ፣ የድንጋዩን ንጣፍ አቋርጦ፣ የፈረስ ጋሪዎች እስከሚቆሙበት ግንብ ይደርሳል፤ በሰልፉ ራስ፣ ከበሩ ሥር በተቀመጠች ጠባብ ጠረጴዛ ላይ፣ አምሳ ስምንት ዓመት የሞላው፣ ጢሙን ያሳጠረ፣ የኮቱ ክርን በሁለት ቦታ የተጣፈ አንድ ጸሐፊ ለባለጉዳዩ ሁሉ ተራ ቁጥር ያድል ነበር። እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ናቸው፤ ሌላው ሁሉ፣ ከሚኒስትሩ እስከ ዘበኛው፣ አባ ድገመው ይለዋል።

ይህ ቅጽል እንዲያው ለዋዛ የወጣለት አይደለም። በዚያ ጽሕፈት ቤት የቆየ ደንብ፣ ባለጉዳይ ችግሩን ለጸሐፊ ይናገራል፤ ጸሐፊውም በሕግ አነጋገር አስተካክሎ ይጽፋል፤ ነገር ግን ማኅተም ከማረፉ በፊት ባለጉዳዩ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገብቶ ከአንባቢ ፊት ወንበር ይይዛል፤ አንባቢውም የተጻፈውን ከላይ እስከ ታች፣ ረጋ ብሎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብለታል። ባለጉዳዩ «አዎን፣ ያልኩት እሱን ነው» ካለ ማኅተሙ ያርፋል፤ «ኧረ እኔ እንዲህ አላልኩም!» ካለ ግን አንባቢው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ወደ ጸሐፊው «ድገመው!» ብሎ ይጮኻል፤ ጸሐፊውም እየተነጫነጨ እንደ አዲስ ይጽፋል። ሰውዬአችን አንባቢ ሆኖ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቷል፤ ድምፁ እስከ ገበያው ይሰማ ነበር የሚሉም አሉ፤ እነሱ እንኳ ትንሽ ሳይጨምሩበት አልቀሩም።

ታዲያ እንዲህ ያለ ድምፅ ያለው ሰው ደጃፍ ላይ ቁጥር አዳይ ሆኖ የቀረው በምን ምክንያት ነው ቢሉ፣ በማሻሻያው ነው። ካንድ ዓመት በፊት፣ የመንግሥቱ ሥራ ተቀላጥፎ ወጪው እንዲቀንስ በታወጀ ጊዜ፣ ከባሕር ማዶ ተምሮ የተመለሰ፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት ያልሞላው ወጣት የማሻሻያ ዲሬክተር ሆኖ ተሾመ። እውነቱን እንናገርና፣ ይህ ወጣት ብዙ መልካም ነገር ሠርቷል፤ አንድ ወረቀት ሰባት ማኅተም ይፈልግ የነበረውን ወደ ሁለት አወረደው፤ ዓመት ሙሉ ቁልፋቸው ጠፍቶ የተዘጉ ሦስት ክፍሎችን ሰብሮ አስከፈተ፤ ከመካከላቸው በአንደኛው አንድ የዱሮ ጸሐፊ የዘረጋው ድንች ተገኝቷል። ነገር ግን እግረ መንገዱን ወደ ንባቡ ክፍል ገባና ሰዓቱን አውጥቶ ለካ። ለአንድ ሰው ሩብ ሰዓት! የተጻፈን ነገር መልሶ ለማንበብ ሩብ ሰዓት! በሳምንቱ አራቱም አንባቢዎች ከሥራቸው ተነሡ፤ ሁለቱ ጡረታ ወጡ፤ አንዱ ወደ ግምጃ ቤት ተዛወረ፤ አባ ድገመውም ወደ ደጃፉ ወረደ። ቁጥር አዳዩ የሚጽፍበት መዝገብ የስም ዓምድም ለቀለም ቁጠባ ሲባል ተሰርዞ ቁጥር ብቻ ቀረ።

በዚያ ማክሰኞ፣ ከሰልፉ ስምንተኛ ሆና አንዲት ልብስ ሰፊ ቀረበች፤ በቀሚሷ ደረት ላይ ሦስት የቁጥር ወረቀቶች በመርፌ ተሰክተው ነበር።

«አባባ፣ ይኸው ደግሞ መጣሁልዎ» አለች።

«አንቺ ልጅ፣ አሁንስ ከኛ ጋር ደመወዝ ሊቆረጥልሽ ነው» አላት፤ «ምን ገጠመሽ ደግሞ?»

«ምን ያልገጠመኝ አለ! እኔ ያልኩት ሐዲድ ዘርጊዎቹ የጣሉብኝን ግድግዳ ያቁሙልኝ ነው። መጀመሪያ አዲስ ቤት ይሰጠኝ ብላለች ብለው ጻፉና አይቻልም ተባልኩ። ሁለተኛው የጎረቤቴ ግድግዳ ወደቀ ይላል። ሦስተኛውን የተማረ ሰው ፈልጌ ባስነብበው ባሌ ሞቷል ይላል!»

«አልሞተም?»

«ኧረ ባሌስ ደኅና ነው፤ ዛሬ ጠዋት እንኳ ሳህን ሰብሮብኛል።»

ከኋላዋ የቆሙት ሁሉ ሳቁ፤ አባ ድገመውም ሳቀ። በዱሮው ደንብ ቢሆን ይህ ሁሉ በአንድ ሩብ ሰዓት ያልቅ ነበር፤ እሷም ከዓመት በፊት ግድግዳዋን አስቁማ ሌላ ጉዳይ ይዛ ትመጣ ነበር። አራተኛውን ቁጥር ጻፈላትና፣ ከቁጥሩ ጎን በብዕሩ ጫፍ ነካ አድርጎ ትንሽ ነጥብ አኖረ። ዓመቱን ሙሉ፣ ተመልሶ የመጣ ሰው ባየ ቁጥር፣ እንዲህ ነጥብ ያኖር ነበር፤ ማንም ያዘዘው የለም፤ ለማንም ሊያሳይ አላሰበም፤ ፊት አይረሳም፣ እጁም አላስችል ብሎት ነው።

እኩለ ቀን ሲቃረብ ዲሬክተሩ በደጃፉ ሲያልፍ ቆም ብሎ መዝገቡን አገላበጠ።

«እነዚህ ጥቁር ጥቁር ነገሮች ምንድር ናቸው?»

አባ ድገመው ልቡ ድንግጥ አለ። «ዝንብ ነው፣ ጌታዬ» አለ።

«ይህን ያህል ዝንብ?»

«ሰው ይበዛል፣ ጌታዬ።»

ዲሬክተሩ አፍንጫውን ሰብሰብ አድርጎ መዝገቡን መለሰለት። «ለማንኛውም መዝገቡን በንጽሕና ይያዙ፤ ሐሙስ ምክር ቤቱ ማሻሻያውን ይመረምራል፤ ቁጠባው ተገኝቷል ወይስ አልተገኘም የሚል ክርክር ተነሥቷል። እርስዎም መዝገቡን ይዘው ይቀርባሉ፤ ቁጥሩ ትክክል ነው ካሉ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ አያስቸግሩዎትም።» ሊሄድ ሲል ዞር ብሎ፣ «ቤቱስ እንዴት ነው? ጣሪያው ታደሰላችሁ?» አለው።

ይህን ያለው በደግነት ይሁን በማስፈራራት አባ ድገመው ፈጽሞ ሊለየው አልቻለም። ከጽሕፈት ቤቱ ጓሮ ያለችው ባለሁለት ክፍል ቤት የመንግሥት ናት፤ በአዲሱ ደንብ ደግሞ ትርፍ ሆኖ የተገኘ ሠራተኛ በሠላሳ ቀን ውስጥ ቤቱን ይለቃል። እሱና ሚስቱ ሌላ መጠጊያ አልነበራቸውም።

ረቡዕ ጀምበር ሳታዘቀዝቅ ወደ ቤቱ ገባ። ሚስቱ የሠፈሩ አዋላጅ ናት፤ በዚያ ቀን መንታ አዋልዳ ተመልሳ እግሯን ለብ ባለ ውኃ ነክራ ተቀምጣለች፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በቆየችባት ቤት የማታውቀው ስንጥቅ የለም፤ መስኮቱን በገዛ እጇ ሰማያዊ ቀብታዋለች፤ ከመስኮቱ ሥር ያለችውን የሎሚ ዛፍም ከፍሬዋ ጀምራ ያሳደገቻት እሷ ናት። ባሏ መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ሁሉንም ነገር ነገራት፤ ዝንቡን ሳይቀር።

«ዝንብ አልከው?» አለች፤ እስኪያማት ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ ዓይኗን ጠረገችና፣ «ነጥቡ ስንት ነው ለመሆኑ?» ብላ ጠየቀች።

አባ ድገመው በየሳምንቱ መጨረሻ የነጥቡን ድምር በእርሳስ ከሽፋኑ ውስጥ ይጽፍ ነበር፤ ያን አነበበላት፤ እሷም ደመረች፤ አምስት ሺህ አምስት መቶ ዐሥራ አምስት ሆነ። አባ ድገመው መዝገቡን ከደነ።

«ይህን ብናገር ቤቱን እናጣለን» አለ።

«እናጣ ይሆናል» አለች፤ «አልዋሽህም፣ ቤቴን እወዳለሁ። ከዚህ ውጪ ብባል አለቅሳለሁ፣ አንተንም እረግምሃለሁ፣ ምናልባት አንድ ወር አላናግርህም። ግን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ፊት ስትጮህ የኖርክ ሰውዬ፣ ካምና ጀምሮ እቤቴ ገብተህ የምታንሾካሹክብኝ ነገር አንገሽግሾኛል። ድምፅህ የት ገባ?»

«እሺ፣ ምን ላድርግ?»

«እኔን አትጠይቀኝ። ምስክርነት የተጠራኸው አንተ ነህ፤ እኔ አዋላጅ ነኝ፤ የሚመጣውን እቀበላለሁ።»

ሐሙስ፣ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ተኩል፣ የምክር ቤቱ የወጪ መርማሪ ጉባኤ በታላቁ አዳራሽ ተሰበሰበ፤ አዳራሹ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ መስኮቶቹ ረጃጅም፣ ወንበሮቹ ቀይ ቆዳ የለበሱ ሆነው ሳለ አንደኛው ወንበር እግሩ ስለሚንገዳገድ ሁልጊዜ ለምስክር ይሰጥ ነበር። ሊቀ መንበሩ አረጋዊ፣ ዱሮ መምህር የነበሩ፣ ተናጋሪ ሲያስረዝም እርሳሳቸውን ጠረጴዛው ላይ የሚያንኳኩ ሰው ናቸው፤ ከግራቸው ወፍራሙ የእህል ነጋዴ እንደራሴ ተቀምጠዋል፤ እኚህ እንደራሴ ብዙ አይናገሩም፤ ሒሳብ ግን በልባቸው ያሰላሉ።

ዲሬክተሩ ተነሥቶ ባማረ አነጋገር አስረዳ። «ክቡር ሊቀ መንበር፣ የተከበራችሁ እንደራሴዎች፤ ከማሻሻያው በፊት ጽሕፈት ቤቱ በዓመት ያስተናገደው ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ዐሥር አቤቱታ ነበር፤ በዚህ ዓመት ግን ዐሥራ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ አርባ አስተናግዷል፤ ይህም የሆነው አራት የሥራ መደቦች ተሰርዘው ነው። ባነሰ ወጪ የበለጠ አገልግሎት ማለት ይህ ነው።» አዳራሹ አጨበጨበ። ወጣቱ ፊቱ በደስታ አበራ፤ የሚናገረውን ከልቡ ያምን ነበርና አይፈረድበትም።

ቀጥሎ አባ ድገመው ተጠራ። መዝገቡን ታቅፎ በሚንገዳገደው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ወንበሩ ሲያዘነብልም በአንድ እግሩ ደገፈው።

«ቁጥሩን የሚመዘግቡት እርስዎ ነዎት?» አሉ ሊቀ መንበሩ።

«አዎን፣ ክቡር ሆይ።»

«በመዝገብዎ ላይ ዐሥራ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ አርባ ቁጥር አለ? ትክክል ነው?»

አባ ድገመው ዲሬክተሩን አየ፤ ሰማያዊው መስኮት ዓይኑ ላይ መጣ። «ቁጥሩ ትክክል ነው» አለ፤ ቀጥሎም ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቀሰ ያህል በቀስታ፣ «ሰዎቹ ግን ያን ያህል አይደሉም» አለ። ያን ጊዜ ከኋላ እንደራሴዎቹ ስለ ምሳ ያወሩ ነበር።

«መልካም፤ ተጽፏል፤ ይፈርሙና ይሂዱ» አሉ ሊቀ መንበሩ። የጉባኤው ቃል ጸሐፊ ወረቀቱን አቀረበለት፤ ብዕሩንም በቀለም ነክሮ ሰጠው።

አባ ድገመው ብዕሩን ያዘ፤ ወረቀቱን አየ፤ ሃያ ስድስት ዓመት የለመደው ነገር ግን በላዩ ላይ ተነሣበት።

«ክቡር ሊቀ መንበር፣ ከመፈረሜ በፊት ይነበብልኝ።»

አዳራሹ ሳቀ። «ጸሐፊ አይደሉም እንዴ? ራስዎ አያነቡትም?» አለ አንዱ።

«አነባለሁ ጌታዬ፤ ግን ቃሉ የእኔ ነው፤ ሁላችሁም ባላችሁበት ጮክ ተብሎ ይነበብ።»

ሊቀ መንበሩ ትከሻቸውን ሰብቀው ፈቀዱ። ቃል ጸሐፊውም ተነሥቶ በደረቅ ድምፅ አነበበ፤ «ምስክሩ ቀርቦ የአገልግሎቱ ዕድገት ትክክል መሆኑን አረጋገጠ።»

«ድገመው!»

ይህ ጩኸት ከሰውዬው አፍ እንዴት እንደወጣ እሱ ራሱ አላወቀም፤ መስኮቶቹ ተንቀጠቀጡ፤ ስለ ምሳ ያወሩ የነበሩት ዝም አሉ፤ ቃል ጸሐፊው ደንግጦ ተቀመጠ። ሊቀ መንበሩ እርሳሳቸው ከእጃቸው ወደቀ።

«ምን አሉ እርስዎ?»

«ይቅርታ፣ ክቡር ሆይ» አለ አባ ድገመው ላብ እያጠመቀው፤ ድምፁን ግን አላወረደም፤ «እኔ ዕድገት የሚል ቃል አልወጣኝም። ያልኩት፣ ቁጥሩ ትክክል ነው፣ ሰዎቹ ግን ያን ያህል አይደሉም ነው። የአቤቱታው ቃል ዛሬ አይነበብላቸውም፤ ስለዚህ ልክ አሁን በእኔ ላይ እንደሆነው ያላሉት ይጻፋል፤ አይቻልም ተብለው ይመለሳሉ፤ ደግመው ይመጣሉ፤ በመጡ ቁጥር አዲስ ቁጥር እሰጣቸዋለሁ። አንዲት ልብስ ሰፊ ብቻዋን አራት ሰው ሆና ተቆጥራለች። ተመልሶ ለመጣው ሁሉ በመዝገቡ ላይ ነጥብ አኑሬአለሁ፤ አምስት ሺህ አምስት መቶ ዐሥራ አምስት ነጥብ ነው።»

ዲሬክተሩ ፊቱ ዓመድ መሰለ። «ዝንብ ነው ብለውኝ አልነበረም?» አለ።

«ብያለሁ፣ ጌታዬ። ፈርቼ ነው። ቤቱን አጣለሁ ብዬ ፈርቼ ነው። አሁንም እፈራለሁ።»

በዚህ መካከል የእህል ነጋዴው እንደራሴ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። «ሰባት ሺህ አንድ መቶ ሃያ አምስት» አሉ ድንገት፤ «የቀረው ሰው ይህ ነው፤ ከማሻሻያው በፊት ከነበረው በሰማንያ አምስት ያንሳል። ለመሆኑ፣ ክቡር ዲሬክተር፣ ሥራው በዛ ስትሉ አዲስ ጸሐፊዎች ቀጥራችኋል?»

ዲሬክተሩ ወረቀቱን አገላበጠ። «ስድስት» አለ ዝግ ብሎ፤ «በሌላ ርእስ ሥር ነው የተያዘው። ለዕድገት በሚል።»

«ወይ ጉድ! አራት አንባቢ አሰናብታችሁ ስድስት ጸሐፊ ቀጠራችሁ? እኔ በሱቄ እንዲህ ብቆጥብ ኖሮ ይኼኔ ልብሴን ሸጬ ነበር።»

ሳቁ ከአዳራሹ ዳር እስከ ዳር ተቀጣጠለ፤ ሊቀ መንበሩ ግን አልሳቁም። ሌላ እርሳስ አንሥተው ጠረጴዛውን ካንኳኩ በኋላ ወደ አባ ድገመው ዞሩ። «ማሻሻያው እንዳለ ይሻር ይላሉ?» ብለው ጠየቁት።

«ኧረ አይሆንም፣ ክቡር ሆይ» አለ፤ «ሰባቱ ማኅተም ይመለስ የሚል ሰው ቢመጣ እኔ ራሴ በሩን እዘጋበታለሁ። ሰው ፊት ይነበብ ነው የምለው። እሱ ብቻ ነው።»

ቃሉ እንደገና ተጻፈ፤ እንደገና ተነበበ፤ አባ ድገመውም «አዎን፣ ያልኩት እሱን ነው» ብሎ ፈረመ። መዝገቡንም ታቅፎ ወደ ቤቱ ሄደ።

ዘጠኝ ቀን ምንም ወሬ አልመጣም። እነዚያን ዘጠኝ ቀናት ባልና ሚስት በየመልካቸው አሳለፏቸው፤ እሱ ቁጥሩን ሲያድል ይዋል እንጂ ምግብ አልበላ አለው፤ እሷ ደግሞ ድስቶቹን አጥባ በጋዜጣ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ከተተች፤ ደግሞ ለራት ስትፈልጋቸው እየተነጫነጨች ትፈታቸዋለች። በዐሥረኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዲሬክተሩ ራሱ፣ ያለ አጃቢ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በጓሮው በር ገባ። ሚስትየው አየችውና እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ጌታዬ፣ ሣጥኑን ራሴ ነኝ የምሸከመው፤ እሱ ወገቡን ያመዋል» አለችው።

«የምን ሣጥን?» አለ ዲሬክተሩ ግራ ገብቶት። ከዚያ የገባው መሰለና እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ። «እናቴ፣ እኔ ጣሪያው ታደሰ ወይ ብዬ የጠየቅሁት ዝናብ እንዳያስገባባችሁ ብዬ ነው። ያን ለማስፈራሪያ ቆጠራችሁት?»

«ታዲያስ!» አለች።

አባ ድገመው ወንበር አቀረበለት፤ ወጣቱም ተቀምጦ ከኪሱ አንድ ወረቀት አወጣና ሊሰጠው እጁን ዘረጋ፤ መልሶም ሳበው። «ላንብብልዎ» አለ፤ ጉሮሮውንም ጠርጎ፣ የንባቡ ክፍል ከሚመጣው ሰኞ ጀምሮ እንደሚከፈት፣ ሁለት ወንበር እንደሚኖረው፣ ከስድስቱ አዲስ ጸሐፊዎች ሁለቱ ንባብ እንዲማሩ፣ አስተማሪያቸውም አባ ድገመው እንዲሆን የሚያዘውን ትእዛዝ ከላይ እስከ ታች አነበበ። ሲጨርስ ቀና አለና፣ «ልክ ነው?» አለ።

«ልክ ነው» አለ አባ ድገመው፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ «ትንሽ ፈጥነዋል እንጂ።»

ሚስቱ ሻይ አፍልታ አቀረበች፤ ሦስቱም ስለ ድንቹ ክፍል እያነሡ እስኪደክማቸው ሳቁ።

የዚያን ዘመን ታሪክ የጻፉ ሊቃውንት ይህን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈውታል፤ «የአቤቱታ ንባብ በማሻሻያ ዲሬክተሩ አርቆ አስተዋይነት እንደገና ተቋቋመ» ይላሉ፤ ዲሬክተሩም በኋላ ሚኒስትር ሆኖ ምስሉ በአዳራሹ ተሰቅሏል፤ ይገባዋልም፣ ስሕተቱን በገዛ አፉ አንብቦ ያረመ ሹም ብዙ አይገኝምና። በቃለ ጉባኤው ላይ ያለው «አንድ ጸሐፊ ቀርቦ አስረዳ» የሚል ብቻ ነው። ልብስ ሰፊዋ ግድግዳዋ ክረምት ሳይገባ ቆመላት፤ ይህን የጻፈው የለም። በሚቀጥለው ዓመት የጽሕፈት ቤቱ ቁጥር ወደ ሰባት ሺህ ሲወርድ ግን አንድ ጋዜጣ «ሠራተኞቹ ሰነፉ» ብሎ በትልቁ አወጣ፤ አባ ድገመው ጋዜጣውን ለሚስቱ ጮክ ብሎ አነበበላትና ከልባቸው ሳቁ። ጋዜጠኛው ያየውን ነው የጻፈው፤ ሊቃውንቱም እንደዚሁ። መዝገብ የሚያውቀው የመጣን ሰው ነው፤ አንድ ጊዜ መጥቶ፣ ቃሉን ሰምቶ፣ ጉዳዩን ጨርሶ ወደ ቤቱ የገባና ሁለተኛ ያልተመለሰ ሰው በየትኛው መዝገብ ይገኛል?